የአማቼ ብሎግና የእኔ ጣት

የልጄን ባል ብዙ ተናገረ ብሎ የሚከሰው ሰው እስካሁን አልተወለደም። ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ቀን ሶፋችን ጫፍ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ከአፉ የወጣው ሦስት ነገር ነው። «ደህና ነኝ» አለ፣ «በቃኝ» አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ «ፍሪጃችሁ ድምፅ አለው» አለ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ካቻቢቴ አወጣ። እስቲ አሁን ካቻቢቴ ይዞ ሚስት ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጄን ወደ ጓዳ ጎትቼ «ይሄ ሰውዬ የወደደው ፍሪጁን ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያም አገባችው። ፍሪጁም፣ እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ዝም አለ።

ስም አወጣሁለት፤ ብሎን አልኩት። ኪሱ ብሎን አያጣም፤ ሱሪውን ልጄ ልታጥብ ስታነሳው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እሱም ስሙን አልጠላውም። አንድ ቤት መኖር ከጀመርን ስምንት ዓመት ሞላን። እኔ «ብሎን» እለዋለሁ፣ እሱ «እማማ» ይለኛል፣ በዚሁ ተግባብተናል።

ስለ ራሴም ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ለመጣው ጉድ ሥሩ ያለው እዚህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሙዚየም በር ላይ ሠርቻለሁ። ትንሽ ሙዚየም ናት፤ የተሰበሩ ሸክላዎች፣ ዝገት የበላቸው ጎራዴዎች፣ ጥርሱ የወለቀ አንድ አጽም። ሥራዬ መቁጠር ነበር። መዳፍ ውስጥ የምትገባ የብረት መቁጠሪያ አለችኝ፤ ሰው ሲገባ ቀጭ፣ ሌላ ሲገባ ቀጭ። ሥራ ሲያልቅ ቁጥሩን ለኃላፊው አስረክባለሁ። ቁጥሩ ያነሰ ቀን የኃላፊው ፊት ይጠቁራል፣ «ይዘጉናል» ይላል። እኔ ደግሞ የሰው ፊት ጠቁሮ ማየት አልችልም። ስለዚህ ዝናብ ጥሎ ጎብኚ የጠፋ ቀን፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ዐሥር ዐሥራ አምስት ሰው ከራሴ ጨምሬ አስረክብ ነበር። ማንን ጎዳሁ? አጽሙ አልተቀየመኝ! ሙዚየሟም አልተዘጋች። ጡረታ ስወጣ «ታማኝ ሠራተኛ» ብለው መቁጠሪያዋን ሸለሙኝ።

ብሎን ሥራው የቤት ዕቃ ጥገና ነው። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የተበላሸበት ሁሉ ይጠራዋል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ማጠቢያ ማሽን ለብቻው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ወገቡ ቀጭ አለ። ስድስት ሳምንት ተኛ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከትራስ የከበደ ነገር እንዳታነሳ» አለው። ትራስ የሚጠግን ሰው ደግሞ የለም።

ታላቅ ወንድሙ ፍራሽ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወሬው ግን ይበዛል። መጣና «ምን ትጨነቃለህ፣ ና ካሽ ላይ ተቀመጥልኝ፤ ወንበሩ ራሱ ስፖንጅ ነው» አለው። ብሎን ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ወንድሙ ከሄደ በኋላ ለልጄ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ፍራሽ ብሎን የለውም።» ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረም። ነገሩ ግን ገባኝ። ይሄ ሰው የሚፈታው ነገር ካጣ ራሱ ይፈታል።

ከሳምንት በኋላ ብሎግ ጀመረ። ልጄ «እማዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ደብተር በይው፤ አገር ያነበዋል» ብላ አስረዳችኝ። ብሎን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ዘርግቶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ በሁለት ጣት ይጽፋል። ፍሪጅ ለምን ይንጫጫል? ማጠቢያ ማሽን ለምን ይዘላል? የምድጃ ቁልፍ ለምን ይላላል? በአፉ ስምንት ዓመት ያልተነፈሰውን ሁሉ ለካ ጣቱ ውስጥ አጠራቅሞት ኖሯል።

«ታዲያ ይሄ ዳቦ ይሆናል?» አልኳት ልጄን።

«ይሆናል እማዬ። አንድ ድርጅት ከጽሑፉ ጎን ማስታወቂያ ይለጥፍለታል። አንባቢ ማስታወቂያውን ሲነካ ለእሱ ይታሰብለታል። ግን የተወሰነ መጠን ካልደረሰ አይከፍሉም።»

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለች፤ ጠርዝ ከነካች መጠኑ ሞላ ማለት ነው። ባልና ሚስት ተነጋግረው ቆረጡ፦ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መስመሯ ሞልታ የመጀመሪያው ክፍያ ከመጣ ብሎን በሙያው ይቀጥላል፤ ካልመጣ ፍራሽ ቤት ይገባል። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው መስመሯ ገና ሩቧ ላይ ተጋድማ ነበር።

አንድ ቀን ብሎን ጉሮሮውን ጠርጎ መጣና «እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ማስታወቂያዎቹን እኛ ቤት ማንም እንዳይነካ። ክልክል ነው» አለኝ።

አሁን ፍረዱኝ። ይሄ ሰው ሆዱ እየጮኸ «በቃኝ» የሚል ሰው ነው። ሦስት ጊዜ በቃኝ ብሎ፣ በአራተኛው ሳህኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ የሚገፋ ሰው! ስምንት ዓመት ሙሉ በቃኝ ባለ ቁጥር ስጨምርለት ኖሬ፣ ዛሬ «አይንኩ» ስላለኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ይሉኝታ ነው አልኩ። ፊቱን አየሁት፤ ያው የራበው ሰው ፊት ነው።

በማግስቱ ወገቡን ሊታሽ ክሊኒክ ሲሄድ፣ ልጄ የጣለችልኝን አሮጌ ስልክ አንስቼ ብሎጉ ውስጥ ገባሁ። የራሰ በራ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ወጣ። ነካሁት። ምንም አልፈነዳም። ሰው ሠራሽ ጥርስ መጣ፤ አጽማችን ትዝ ብሎኝ እሱን ሁለት ጊዜ ነካሁት። ምሳ እስኪደርስ ሠላሳ ገደማ ነክቻለሁ፤ ጣቴ አልረሳውም፣ ቀጭ ቀጭ ነው። በሦስተኛው ቀን መስመሯ የፀጉር ያህል ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰች። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ!

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ሰው አሰባሰብኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገባች። የሙዚየም ባልደረቦቼ ሦስቱ ገቡ። ታናሽ እህቴም ገባች። ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ።

«ነካሽ?»

«ነካሁ።»

«ስንት?»

«ሃያ።»

«አንቺ ሰነፍ፣ ልብስ ሰፊዋ ሥራ ፈትታ ስልሳ ነክታለች!»

እህቴ ደግሞ ሰው አክባሪ ናት፤ ነክቶ መውጣት ነውር መሰላት። የትራክተር ማስታወቂያ መጥቶላት ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞላችው። በማግስቱ ሻጩ ደውሎ «እትዬ፣ ስንት ሄክታር ነው የሚያርሱት?» አላት። እህቴ ያላት መሬት መስኮቷ ላይ ያለው የአበባ ሣጥን ነው። ላለማሳፈር ብላ «ከቤተሰብ ጋር ልምከርበት» አለችው፤ ሰውየው እስካሁን ለበዓል መልካም ምኞት ይልክላታል።

ቤት ውስጥ ግን እንዳልታወቅ መሳለቄን አላቆምኩም። ብሎን ላፕቶፑን ሲከፍት «ዛሬም ለፍሪጅ ደብዳቤ ልትጽፍ ነው?» እለዋለሁ። እሱ መጻፉን ይቀጥላል። መስመሯ ትሮጣለች። ግማሽ አለፈች፣ ሦስት አራተኛ ደረሰች። ብሎን ማፏጨት ጀመረ። ስምንት ዓመት ያልሰማሁትን ፉጨት! ሁሉም ነገር ስለ ማጠቢያ ማሽን ጎማ ከጻፈው ጽሑፍ የመጣ መሰለው። እራት ላይ «ለካ ሰው ስለ ጎማ ማወቅ ይፈልጋል» አለ፣ ፊቱ በርቶ። እኔና ልብስ ሰፊዋ ነን ጎማው፤ ምን ብዬ ልንገረው? በዚያው ሳምንት ተነስቶ ወንድሙ ጋ ሄደና «ሌላ ሰው ቅጠር» አለው። ወገቡን ቀጥ አድርጎ ከበር ሲወጣ በመስኮት አየሁት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከማስታወቂያው ድርጅት በኢሜይል ደብዳቤ መጣ። ብሎን አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ልጄ አዞረው። እሷ ጮክ ብላ አነበበችው። በአካውንትዎ ላይ ሐሰተኛ ክሊኮች ስለተገኙ አካውንቱ ተዘግቷል፤ የተጠራቀመው በሙሉ ለአስተዋዋቂዎቹ ይመለሳል፤ የሆነውን አስረድተው አንድ ጊዜ ብቻ ይግባኝ ማለት ይችላሉ ይላል። መስመሯ ጠፍታለች፤ ቦታዋ ባዶ ነጭ ነው።

«ጠላት ነው» አለ ብሎን። «ይህን ያደረገብኝ ጠላት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እኔ ማንን በደልኩ?»

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ ሌላ ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔው ነኝ። ይግባኝ በል አለችው ልጄ። «ያላወቅሁትን ምን ብዬ ላስረዳ?» አላት። ኮቱን ለበሰ፣ ኪሱ ያለውን ብሎን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አራገፈና ፍራሽ ቤት ሄደ። ወንድሙ ገና ሰው አልቀጠረም ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ በሦስት ቀን ሸተተ። ልጄ ዓይኗ አብጦ ስትነሳ አያታለሁ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ብሎኖች የሚያነሳቸው የለም። ልብስ ሰፊዋ መጥታ «ዛሬ ስንት እንንካ?» ብትለኝ ልበላት ደረስኩ። በአራተኛው ቀን ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ተነስቼ ሄድኩ።

ፍራሽ ቤቱ እስከ ጣሪያ ላስቲክ በለበሰ ፍራሽ ተሞልቷል። ብሎን ከካሹ ኋላ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፈታትቶ ተቀምጧል። ወንድሙ «እንዴ እማማ! ፍራሽ ሊገዙ ነው? ይቀመጡ፣ ይሞክሩት!» ብሎ አንድ ወፍራም ፍራሽ ላይ አስቀመጠኝና ወደ ሌላ ገበያተኛ ሄደ። ፍራሹ እስከ ወገቤ ዋጠኝ። እግሬ አየር ላይ ቀረ።

«ጠላትህን አገኘሁት» አልኩት ብሎንን።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «ማነው?»

«ይቺውልህ፣ ከፊትህ ናት። ብትመታኝም አልሸሽም፤ ፍራሽህ ይዞኛል።»

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሙዚየሙ፣ ስለ መቁጠሪያዋ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ስልሳ፣ ስለ ትራክተሩ። «አይንኩ ስትለኝ ይሉኝታ መሰለኝ» አልኩት። እንባዬ መጣ፤ ፍራሽ ውስጥ ሰምጦ ማልቀስ ደግሞ ለሰው አያሳይ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህልኝ ደስ ባለኝ።

ብሎን «እማማ፣ ያን ያህል ጊዜ ከገቡ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «የቱን ጽሑፍ ወደዱት?»

ሁለት ሺህ ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አንድ መስመር አላነበብኩም። ሃያ ስድስት ዓመት በሙዚየሟ በር ላይም እንዲሁ ነበርኩ፤ ሰው ቆጠርኩ እንጂ ሸክላዎቹን ጠጋ ብዬ አላየኋቸውም።

«አላነበብኩም» አልኩት።

«እሺ» አለና ወደ ማራገቢያው ተመለሰ። ከዚያ እጁን ሰጥቶ ከፍራሹ አወጣኝ፤ ያንን ወገብ ይዞ እኮ ነው።

ቤት ገብቼ መነጽሬን አደረግሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስልሳ አንድ ጽሑፍ ነው። ስለ ሽቦ የሚያወሩትን እየተኮላተፍኩ አለፍኳቸው። ዐሥራ አራተኛው ላይ ደረስኩና ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦ «እኛ ቤት አንዲት እመቤት አሉ። የፍሪጅ በር አይዘጉም፤ ይወረውራሉ። በር በተወረወረ ቁጥር ጎማው ይላላል፣ ቅዝቃዜው ይወጣል፣ ሞተሩ ይደክማል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። እኔ ግን እመቤቷን ይተዉ አልላቸውም። ወገቤን ታምሜ ስድስት ሳምንት ስተኛ፣ ቀኑን የምቆጥረው በዚያ በር ድምፅ ነበር። በሩ ሲጮህ ምሳዬ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። መቼ ነው የወረወርኩት? እጄ ትንሽ ይከብዳል እንጂ! ከዚያ ደግሜ አነበብኩትና አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ እመቤቷ ሃያ ሁለተኛው ላይም አሉ፣ ሠላሳኛው ላይም አሉ፤ ማጠቢያ ማሽን በእግራቸው ሲመቱ፣ የምድጃ ቁልፍ ነቅለው እጃቸው ላይ ሲያስቀሩ። ከጽሑፎቹ ሥር የማያውቁኝ ሰዎች «እመቤቷ እንዴት ዋሉ?» «የኔም እናት እንዲሁ ናቸው» እያሉ ጽፈዋል። ብዙ አይደሉም፤ ግን እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ብሎን አንባቢ ነበረው፤ እኔ ነኝ በሐሰተኛው የቀበርኳቸው።

ይግባኙን እኔ ጻፍኩ፤ ልጄ በኮምፒውተር ገለበጠችው። «ክቡራን ሆይ፣ ጥፋተኛዋ እኔ አማቱ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። «እሱ አይንኩ ብሎኛል። ሰውየው በቃኝ ሲል የማይበቃው ስለሆነ አላመንኩትም። ግብረ አበሮቼ አምስት ሴቶች ናቸው። ትራክተር የጠየቀችው እህቴ ናት፤ ሻጩን ይቅርታ ጠይቁልኝ። በሥራ ዘመኔም ሙዚየም ውስጥ ያልገቡ ሰዎችን ቆጥሬያለሁ፤ ይህ ልማድ እንጂ ተንኮል አይደለም። ቅጣቱ ለጣቴ ይሁን፤ ለእሱ ግን መስመሩን መልሱለት።»

ብሎን አነበበው። «የሙዚየሙ ይውጣ» አለ።

«አይወጣም! እውነት ከተነገረ ሙሉው ይነገር።»

ትንሽ ፈገግ አለና ላከው። ደብዳቤውንም በእኔ ፈቃድ ብሎጉ ላይ አወጣው፤ ርእሱን «የእመቤቷ ኑዛዜ» አለው። ሰዉ እንዴት እንዳነበበው አትጠይቁኝ፤ የሙዚየሙ ኃላፊ ሳይቀር ደውሎልኝ «ለካ እነዚያ ዝናብ የማይበግራቸው ጎብኚዎች...» ብሎ ስቆብኛል።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር። አካውንቱ ተከፍቷል፤ ከዜሮ ይጀምራል። ዜሮ! ዓመቱ ሊያልቅ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ልጄና ባሏ ተያዩ። የተባለው ተብሏል፤ ካልሞላ ፍራሽ ቤት ነው።

«እኔ ያበላሸሁት ዓመት አይቆጠርም» አልኳቸው። «መቁጠር ሥራዬ ነው፣ አስተምራችሁ?» በማግስቱ ፍራሽ ቤት ሄጄ በብሎን ፋንታ ካሹ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሙ ዓይኑ ፈጠጠ። በር ላይ መቀመጥ እኔ ከማን አንሼ! ሰው ሲገባ «ግባ፣ ተጋደም፣ መነሳቱን እኔ አግዝሃለሁ» እላለሁ፤ ገበያው ደራለት። ብሎን ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተመለሰ። ለእነ ልብስ ሰፊዋም ደውዬ «እጃችሁን ሰብስቡ፤ አንብቡ እንጂ እንዳትነኩ» አልኳቸው። ልብስ ሰፊዋ «ለምጄው ነበር እኮ» ብላ አዘነች።

መስመሯ እንደ ሽማግሌ ሄደች። ጣቴ ሲበላኝ መቁጠሪያዬን አውጥቼ አንድ ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር አንዴ ቀጭ አደርጋለሁ፤ እውነተኛ ቁጥር ስቆጥር ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። በሰባተኛው ወር መስመሯ ጠርዝ ነካች። የመጀመሪያው ክፍያ ሲመጣ ብሎን ወጣ ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ ገባ። የፍሪጅ በር ጎማ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን እየገጠመ፣ ሳያየኝ «እማማ፣ የቱን ወደዱት?» አለኝ።

«የእመቤቷን» አልኩት። «ግን ውሸት አለበት። በር ወርውሬ አላውቅም።»

«እስቲ ይዝጉት።»

ዘጋሁት፣ እንደ ልማዴ። ምንም ድምፅ የለም። ከፍቼ ደግሜ ወረወርኩት፤ አዎ፣ ወረወርኩት። እፍ ብሎ ብቻ ገጠመ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ምሳ መድረሱን በምን ታውቃለህ?» አልኩት፣ ተናድጄ።

ብሎኖቹን ከወለሉ እየለቀመ ትንሽ አሰበ። «ይጠሩኛላ» አለ።

ወጥ ቤት ገባሁ፣ ድስቱን ከፈትኩ። ስምንት ዓመት ለእሱ አፌ ላይ ያልመጣው ቃል ያኔ መጣ።

«ልጄ፣ ምሳ ደርሷል!»

«አልራበኝም እማማ።»

ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ በሩ ብቅ አልኩ። እኔም ተምሬያለሁ እኮ። «እውነት ነው ወይስ ይሉኝታ?» አልኩት።

ብሎን ወለሉን አየ፣ ፍሪጁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ይሉኝታ ነው» አለ።

ሳህኑን ሞላሁለት።